ሜሪላንድ ያለው ድምፄና ላስ ቬጋስ ያለው ድምፁ፦ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ምርጫ እንዴት ቢቆጠር ይሻላል?

የአክስቴ ልጅ ኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ ይኖራል፤ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሁለታችንም ዜግነት ወስደናል፣ ሁለታችንም ድምፅ እንሰጣለን። በ2024ቱ ምርጫ ሰሞን ስንደዋወል ምርር ብሎት ነበር። ስልኩ አያርፍም። በሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይንኳኳል። የፖስታ ሳጥኑ በቅስቀሳ ወረቀት ተጠቅጥቋል። እኔ ዘንድ ዝር ያለ ሰው የለም። ለእኔ የሚመጣው የፒዛ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ፕሬዝዳንቱን በሚመርጠው ኤሌክቶራል ኮሌጅ ውስጥ ኔቫዳ 6 ድምፅ አላት፣ ሜሪላንድ 10። ብዙ ያላት የእኔዋ ናት። ግን ሜሪላንድ ለዲሞክራቶች እንደምትሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ኔቫዳ ወዴት እንደምታዘነብል አይታወቅም። ስለዚህ እሱ ይለመናል፣ እኔ እረሳለሁ። ዳላስ፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያለው ሐበሻ እንደ እኔ ነው። አትላንታ ያለው እንደ እሱ።

ይህ ነገር ቡና በተፈላ ቁጥር ክርክር ያስነሳል። አንዱ «ለምን ዝም ብሎ የሕዝቡ ድምፅ አይቆጠርም?» ይላል። ሌላው «አሜሪካ እኮ ሪፐብሊክ እንጂ ዲሞክራሲ አይደለችም» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ወሬውም እዚያ ላይ ይሞታል። ግን አማራጩ ሁለት ብቻ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸውና የቱ ለማን እንደሚሆን እናመዛዝን። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የቃላቱን ጠብ እናብርድ

«ሪፐብሊክ እንጂ ዲሞክራሲ አይደለም» የሚለው አባባል ምንጭ አለው። ጄምስ ማዲሰን በ1787 ሲጽፍ ሁለቱን ለይቶ ነበር። ለእሱ ንጹሕ ዲሞክራሲ ማለት ዜጎች ራሳቸው ተሰብስበው የሚወስኑበት ነው። ሪፐብሊክ ደግሞ በተወካይ የሚተዳደር። ብዙኃኑ በአንድ ስሜት ተነሥቶ ጥቂቱን እንዳይጨፈልቅ ፈርቶ ሁለተኛውን መረጠ።

እድር አስቡ። ሠላሳ አባወራ ሲሆን ሁሉም ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ ይወስናል። ሦስት መቶ ሲሞላ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥና ሥራው ለእነሱ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀጥተኛ ዲሞክራሲ ነው፣ ሁለተኛው የማዲሰን ሪፐብሊክ።

የእድሩ ዳኛ እንዴት ይመረጥ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አባላቱ በቀጥታ ቢመርጡትም፣ የየመንደሩ ተወካዮች ቢመርጡትም እድሩ ያው በኮሚቴ የሚተዳደር እድር ነው። ፈረንሳይ ሪፐብሊክ ናት፤ ፕሬዝዳንቷን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል። ኢትዮጵያም በስሟ ሪፐብሊክ ናት፤ ፕሬዝዳንቱን የሚሰይሙት ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጠውም። ስለዚህ «ሪፐብሊክ ነን» የሚል መልስ ድምፁ እንዴት ይቆጠር ለሚለው ምንም አይመልስም። ቀጥለው ቡና ላይ የሚያነሡባችሁ ከሆነ ይህን በሏቸው።

ቀጥተኛ ዲሞክራሲ፦ ሕዝቡ ራሱ ሕግ ሲያወጣ

እዚህ ላይ የዓለም ምሳሌ ስዊዘርላንድ ናት። 100,000 ፊርማ በ18 ወር ውስጥ ያሰባሰበ ወገን ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ሐሳቡን ለሕዝብ ማቅረብ ይችላል። ለማለፍ የጠቅላላው መራጭ ብልጫ አይበቃም፤ የካንቶኖቹም (የክልሎቿ) ብልጫ ያስፈልጋል። ያምራል። ግን በ1959 የሴቶች የመምረጥ መብት ለዚሁ መራጭ ቀረበና ወንዶቹ «አይሆንም» አሉ። ሴቶቹ እስከ 1971 ጠበቁ። ማዲሰን የፈራው ይህን ዓይነቱን ነው።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ በድምፅ የሚወስነው የስዊስ ሕዝብ ፕሬዝዳንቱን አይመርጥም። አገሪቱን የሚመራው ፓርላማው የሚመርጠው የሰባት ሰዎች ምክር ቤት ነው። ፕሬዝዳንትነቱም በየዓመቱ በመካከላቸው ይዞራል፤ ልክ እንደ ማኅበር ጽዋ።

አሜሪካ ውስጥ በአገር ደረጃ ሕዝበ ውሳኔ የሚባል የለም። በስቴት ደረጃ ግን አለ፤ ካሊፎርኒያ ከ1911 ጀምሮ ትጠቀምበታለች። ማታ ማታ የምነዳ ሰው ስለሆንኩ የ2020ውን ፕሮፖዚሽን 22 በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። የኡበርና የሊፍት ሾፌር ተቀጣሪ ነው ወይስ የራሱ ሥራ ያለው ሰው የሚለው ጥያቄ ለሕዝብ ቀረበ። ኩባንያዎቹ ተቀጣሪ እንዳይባል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ቀሰቀሱ፤ ከ58 በመቶ በላይ መራጭም ደገፋቸው። ሕጉን ምክር ቤቱ መቀየር ቢፈልግ ከስምንት ሰባት እጅ ድምፅ ያስፈልገዋል። በሌላ አነጋገር ተቆልፎበታል። ውጤቱን የወደዱ ሾፌሮች አሉ፣ የጠሉትም አሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጥያቄውን የጻፈው ወገን ራሱ ባለ ጉዳዩ መሆኑ ነው።

ቀጥተኛ ዲሞክራሲ አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ ሲኖር ይሠራል። የ2019ኙ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያ ነበር፤ ክልል ይሁን ወይስ ባለበት ይቀጥል። በጀት፣ የሠራተኛ ሕግና ግብር ሲሆን ገንዘብ ያለው ያሸንፋል። ለማንኛውም ለፕሬዝዳንት ምርጫ ይህ ተወዳዳሪ አማራጭ ስላልሆነ እንለፈው።

አሁን ያለው፦ አሸናፊው ጠቅልሎ ይወስዳል

ኤሌክቶራል ኮሌጅ 538 ድምፅ አለው። 435ቱ በተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ልክ፣ 100ው በሴናተሮች ልክ፣ 3ቱ ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ። 270 ያገኘ ያሸንፋል። በ48 ስቴቶችና በዲሲ፣ አንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ሁሉንም ይጠቀልላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር መጠቅለሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚለው እያንዳንዱ ስቴት ምክር ቤቱ በወሰነው መንገድ የኮሌጁን መራጮች፣ ማለትም የስቴቱን የኮሌጅ ድምፅ የሚሰጡትን ሰዎች፣ ይሰይማል ብቻ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? በ1796 ቶማስ ጀፈርሰን በጆን አዳምስ 71 ለ68 ተሸነፈ። ከራሱ ከቨርጂኒያ ሳይቀር አንድ ድምፅ አምልጦት ነበር፤ ቨርጂኒያ ያኔ በወረዳ ነበር የምትመርጠው። ለ1800 ምርጫ ወዳጆቹ ሕጉን ቀየሩትና ቨርጂኒያ በሙሉ ለአንድ ሰው እንድትሆን አደረጉ። የአዳምስ ማሳቹሴትስም ዝም አላለችም፤ መራጮቹን ምክር ቤቷ ራሱ እንዲመርጥ አደረገች። ጎረቤትህ ሲጠቅል አንተ ብታካፍል ሞኝ ትባላለህ። እንዲያ እንዲያ እያለ አገር አቀፍ ልማድ ሆነ።

የዚህ መንገድ ነቀፋ ይታወቃል። በ1824፣ በ1876፣ በ1888፣ በ2000 እና በ2016 ብዙ የሕዝብ ድምፅ ያገኘው ሰው ፕሬዝዳንት አልሆነም። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸንፋለች። በ2020 ባይደን ከ7 ሚሊዮን በላይ ቢበልጥም፣ አሪዞና፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ላይ የነበረው ልዩነት ተደምሮ 43,000 ገደማ ነበር። ሦስቱ ቢገለበጡ ኖሮ 269 ለ269 ይሆን ነበር። የባርነት ታሪክም አለበት። ማዲሰን ራሱ በ1787ቱ ጉባኤ ላይ፣ ቀጥታ ምርጫ ቢሆን ደቡብ በባሪያዎቹ ምክንያት ተሰሚነት እንደማይኖረው ተናግሯል። ባሪያ ድምፅ አይሰጥም፤ ለመቀመጫ ቆጠራ ግን ሦስት አምስተኛ ሰው ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

ስለ ትንንሽ ስቴቶች የሚወራው ግን ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። እርግጥ ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ የኮሌጅ ድምፅ ለ192,000 ሰው ገደማ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለ732,000 ገደማ። ያሳዝናል። ግን ዋዮሚንግ ማን ይሄዳል? እጩዎቹ እሷንም እንደ ሜሪላንድ ረስተዋታል። በ2024 ጠቡ ሁሉ የነበረው ሰባት ስቴቶች ላይ ነው፦ ፔንሲልቬኒያ፣ ጆርጂያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሚሺጋን፣ አሪዞና፣ ዊስኮንሲን፣ ኔቫዳ። አብዛኞቹ ትንንሽ አይደሉም። ሰው እንዲረሳ የሚያደርገው ጠቅልሎ መውሰዱ ነው።

አንድ እውነተኛ ጥቅም ግን አለው፤ ጸቡን ባጥር ይከልለዋል። በ2000 ቡሽና ጎር በፍሎሪዳ 537 ድምፅ ሲጨቃጨቁ አገር ታምሶ ነበር። ያም ሆኖ ድጋሚ የተቆጠረው አንድ ስቴት ነው። በአገር ደረጃ ልዩነቱ እንዲያ ጠባብ ቢሆን በሁሉም ስቴት፣ በየቀበሌው ድጋሚ ሊቆጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. (በ2005) ምርጫ አገር ቤት የነበረ ሰው በቆጠራ መጨቃጨቅ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ይህን ጥቅም ቀለል አድርጌ አላየውም።

በወረዳ ማካፈል፦ ከድጡ ወደ ማጡ

ሜይን ከ1972፣ ነብራስካ ከ1992 ምርጫ ጀምሮ የሚሠሩበት ነው። ሁለቱ ድምፅ በስቴቱ ለበለጠው ይሰጣል፤ የቀረው በየኮንግረስ ወረዳው ላሸነፈው። በዚህም ኦማሃን የያዘው የነብራስካ ሁለተኛ ወረዳ በ2008፣ በ2020 እና በ2024 ለዲሞክራት ሲሄድ የቀረው ነብራስካ ለሪፐብሊካን ሆኗል። ሜይን ላይ ደግሞ በተቃራኒው።

መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ነው እንጂ ፍትሕ!» ብዬ ነበር። ለሰው ሁሉ ስለሱ እሰብክ ነበር፤ አሁን አፍራለሁ። ምክንያቱም የወረዳውን ድንበር የሚያሰምሩት በአብዛኛው ፖለቲከኞች ናቸው። ጄሪማንደሪንግ የሚሉት ይህ ነው፤ የሌላውን ደጋፊ አንድ ወረዳ ውስጥ ማጎር፣ የቀረውን መበታተን። በ2012 ኦባማ ሮምኒን ወደ 5 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጦታል። ሁሉም ስቴት እንደ ሜይን ቢሆን ኖሮ ግን ሮምኒ 274 ለ264 ያሸንፍ ነበር። የኮንግረሱ ካርታ በሽታ ወደ ዋይት ሐውስ ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያቀርብላችሁ ሰው ሲመጣ፣ ድንበሩን ማን ያሰምራል ብላችሁ ጠይቁት።

በመቶኛ ማካፈል

በስቴቱ 60 በመቶ ያገኘ የስቴቱን 60 በመቶ ድምፅ ይውሰድ ነው ነገሩ። ለካርታ ማጭበርበር አይመችም፤ ያ ጥሩ ነው። ግን ሦስት ድምፅ ያለውን ስቴት በመቶኛ ማካፈል አንድ ዳቦ ለአምስት ልጅ እንደ መቁረስ ነው። ደግሞም ሦስተኛ እጩ ጥቂት ጥቂት ከየቦታው ከለቀመ ማንም 270 ላይደርስ ይችላል። ያኔ ነገሩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ እያንዳንዱ ስቴት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዋዮሚንግና ካሊፎርኒያ እኩል። በ1824 የሆነው ይኸው ነው፦ ብልጫ የነበረው አንድሩ ጃክሰን ቀርቶ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተመረጠ። ኮሎራዶ በ2004 በመቶኛ ማካፈልን ለሕዝቧ አቅርባ ነበር፤ ሕዝቡ ጣለው። ሌሎቹ እየጠቀለሉ እኛ ለምን እናካፍላለን ማለታቸው ይመስለኛል፤ አልፈርድባቸውም።

የስቴቶች ስምምነት

ይህ ብልጥ የሆነ መንገድ ነው። ስቴቶች ይስማማሉ፤ የኮሌጅ ድምፃችንን በስቴታችን ለበለጠው ሳይሆን በመላው አገር ብዙ ድምፅ ላገኘው እንሰጣለን ይላሉ። ሥራ ላይ የሚውለው የአባላቱ ድምፅ ተደምሮ 270 ሲሞላ ነው። የእኔዋ ሜሪላንድ በ2007 ቀድማ ፈረመች። ሜይን በ2024 ስትገባ ድምሩ 209 ደረሰ።

ጥቅሙ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልገውም። ሕገ መንግሥት ማሻሻል በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያም 38 ስቴቶች ይፈልጋል። በ1969 ኮሌጁን በቀጥታ ድምፅ ለመተካት ተሞክሮ በተወካዮች ምክር ቤት በሰፊ ድምፅ አለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ሴኔት ውስጥ በማጓተት ታንቆ ቀረ።

ጉዳቱ ደግሞ እንደ ውል መሆኑ ነው፤ ሊፈርስ ይችላል። እስከ 2024 የፈረሙት በዲሞክራት እጅ ያሉ ስቴቶች ናቸው። እስቲ አስቡት፦ ሜሪላንድ 60 በመቶ ለአንዱ እጩ ሰጥታ፣ አገር አቀፍ ድምፁን ያገኘው ሌላው ሆኖ፣ 10 ድምፃችን ለጠላነው ሰው ሲሄድ። ያን ቀን በዋና ከተማችን በአናፖሊስ ያሉት የምክር ቤት አባላት በፊርማቸው ይጸናሉ? እኔንጃ። ሌላም አለ። ብልጫ ማግኘት ብቻ ይበቃል፤ 40 በመቶ ያገኘም ሊያሸንፍ ይችላል።

ቀጥታ የሕዝብ ድምፅ፣ ግን በየትኛው ዓይነት?

«የሕዝቡ ድምፅ ይቆጠር» የሚል ሰው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ዝም ብሎ የበለጠ ያሸንፍ? ወይስ ከግማሽ በላይ ይሁን?

ፈረንሳይ በሁለት ዙር ትመርጣለች። በመጀመሪያው ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ፣ ሁለቱ መሪዎች ብቻ ይመለሳሉ። በ2002 ቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለ ፔን 17 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ሁለተኛው ዙር ደረሰ፤ እዚያ ግን ከ82 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ተዘረረ። ሁለተኛው ዙር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጥቂት ደጋፊ ይዞ የሾለከውን ያጣራል።

ለእኔ የበለጠ የሚጥመኝ ግን የጎረቤታችን የኬንያ መንገድ ነው። አንድ እጩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት አለበት፤ በተጨማሪም ከ47 ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ 25 በመቶ። ካልሆነ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል። አሜሪካ ውስጥ «ቀጥታ ከሆነ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ይወስኑብናል» ለሚለው ሰው መልሱ እዚህ አለ። ፍርሃቱ ራሱ በቁጥር ሲታይ ያን ያህል አይደለም፤ በ2020 ቆጠራ የአሥሩ ትልልቅ ከተሞች ነዋሪ ተደምሮ ከአገሩ ሕዝብ 8 በመቶ ገደማ ነው። ፍርሃት ግን በቁጥር አይጠፋም። የኬንያ ዓይነት ሕግ ያስታግሰዋል።

ኬንያ ምርጫዋ ሰላም ነው እያልኩ አይደለም። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውጤቱን ሰርዞ ድጋሚ አስመርጧል። እያልኩ ያለሁት ሕጉ ከአንድ ክልል ብቻ የሚነሳን ሰው ያስገድደዋል፤ ሌላውም ጋ ሄዶ በር ያንኳኳል።

እንግዲህ የቱን?

ከሁሉ በላይ የቆጠራ ብጥብጥ የሚያስፈራችሁ ከሆነ አሁን ባለው ቆዩ፤ ከልቤ ነው። የድምፅ እኩልነት ከሆነ የሚያሳስባችሁ ቀጥታና ሁለት ዙር ነው መንገዱ። የገጠሩ ሰው ተረሳ የምትሉ ከሆነ የኬንያን ጨምሩበት። ሕገ መንግሥት እስኪሻሻል ዕድሜዬ አይደርስም የምትሉ ስምምነቱን ደግፉ፤ ግን እንዳይፈርስ ስጉ። እኔ ቀጥታ፣ ሁለት ዙርና የኬንያ ሕግ ቢጣመሩ እመርጣለሁ። 38 ስቴቶች ይህን ሲያጸድቁ ስለማላይ፣ እስከዚያው ከስምምነቱ ጋር ነኝ፤ በግማሽ ልብ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና ሳቀ።

«አንተ ምን ጎደለህ!» አለኝ። «ሰው በሬን ያንኳኳው ለዓይኔ ብሎ መሰለህ? ትራምፕ የቲፕ ታክስ ይቅር ያለው የት ነው? እዚሁ ቬጋስ፣ ጁን ላይ። ካማላ ሃሪስስ ያንኑ የደገመችው? እዚሁ፣ ኦገስት ላይ። በኋላ ሕግ ሆነ። በቀጥታ ድምፅ ቢሆን የኔን ቲፕ ማን ያስታውሰዋል? እንደ አንተ የፒዛ ወረቀት ሊመጣልኝ ነው።»

እሱ ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከደሞዙ ቲፑ ይበልጣል። በ2025 የወጣው ሕግ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ የፌዴራል ግብር ከሚታሰብበት ገቢ እንዲቀነስ ፈቅዷል።

ሕጉ ታክሲና ኡበር የሚነዳውንም ይጨምራል፤ ሜሪላንድም ሆነ የትም። ይህን አልነገርኩትም።